ሻሲው አንድ፣ ጭነቱ ሌላ
ከጣና ዳር እስከ አምባ መቅደላ፤ የባልና ሚስት የጉዞ ማስታወሻ



ይህ ማስታወሻ የሚጀምረው በአንድ የዛገ ብረት ነው። በ2009 ዓ.ም ክረምት ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ከፒካፑ ኋላ አሮጌ የጀልባ ተሳቢ እየጎተተ ግቢያችን ገባ። ጀልባው ከተሰበረ ቆይቷል። ተሳቢው ግን በጣና ዳር ሣር በቅሎበት ለዓመታት ቆሞ ነበርና ባለቤቱ በብረት ዋጋ ሸጠለት። እኔ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ዓይኔ ያነባው በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። «ደግሞ ሌላ ብረት!» አልኩ በልቤ።

ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ የብረታ ብረት ባለሙያ ነው። በርና መስኮት፣ የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። ባሕር ዳር በሕንፃ ስትሞላ የእርሱም ሥራ አብሮ በዛ። መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደ፤ ቀጥሎ የማክሰኞ የጸሎት ፕሮግራማችን ሄደ፤ በመጨረሻ እሑድም «አንድ ሰዓት ብቻ» እየተባለ ሄደ። ገንዘብ አላጣንም። የተጣጣነው እኛው ነን። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልብሴን በሻንጣ አድርጌ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት 11 ቀን ቆየሁ። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ክርስቲያን ቤት ያለ፣ የማይነገር ነገር ስለ ሆነ እጽፈዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና ባለቤታቸው መጥተው አነጋገሩን። ታረቅን። መታረቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ አብሮ መኖርን እንደገና መማር ሌላ። ባለቤቴ በቃል የሚናገር ሰው አይደለም። ተሳቢውን ያመጣው ለንግድ እንዳልሆነ የገባኝ ከሳምንት በኋላ፣ በአሮጌ ደብተር ላይ አልጋና ትንሽ መስኮት ያላት ሳጥን ስሎ «ሁለታችን ብቻ የምንሄድባት» ሲለኝ ነው።

የጀልባ ተሳቢ ቤት ሲሆን

አንዳንድ አንባቢያን ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ትፈልጉ ይሆናል። እኔም በዘጠኝ ወር ውስጥ ብዙ ተምሬያለሁ።

የጀልባ ተሳቢ ከተራ ተሳቢ ይለያል። መስቀለኛ ብረቶቹ የጀልባውን ሆድ እንዲያቅፉ መሃላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቤት የሚቀመጥበት ወለል የላቸውም። ባለቤቴ የጀልባውን መደገፊያዎች ፈታ፤ ዝገቱን በብሩሽ ፋቀ፤ የተበላውን ቆርጦ ጣለ፤ ከዚያም በቱቦላሬ ብረት ቀጥ ያለ ወለል በየደ። በላዩ ኮምፔንሳቶ ጣለ፣ ግድግዳውን በላሜራ ሸፈነ። ቁመቷ ሰው የማያስቆም፣ ሁለት ሰው ግን በደንብ የምታስተኛ ሳጥን ሆነች።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጀልባ ሞተር የሚታሰረው ከጀልባው ኋላ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። ስለዚህ የተሳቢው እግር፣ ማለትም አክስሉና ጎማዎቹ፣ ወደ ኋላ ተጠግተው ይሠራሉ። የእኛ ሳጥን ግን ክብደቷ እኩል የተከፋፈለ ነበር። ከአንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን ስንመዝን አጠቃላዩ 620 ኪሎ ሆነ፤ የመጎተቻው መንጠቆ ብቻ ግን 140 ኪሎ ይጫን ነበር። ባለሙያዎች እንደሚሉት መንጠቆው ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው መንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጭራ ይወዛወዛል፤ ሲበዛ ደግሞ የመኪናውን ኋላ ተጭኖ ፊቱን ያቀልለዋል፤ መሪው አይታዘዝም።

ባለቤቴ አክስሉን ፈትቶ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ፊት አመጣው። እንደገና መዘንን። 75 ኪሎ! «ጭነቱ አልተቀየረም» አለኝ ግራሶ የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ «የተቀመጠበት ቦታ ነው የተቀየረው።» ይህን ሲል ስለ ተሳቢው እያወራ ነበር። እኔ ግን ስለ ቤታችን ሰማሁት።

ለሰሌዳና ለመብራት ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልተን ስንጨርስ የት እንሂድ የሚለው ጥያቄ ቀረ። ባለቤቴ አባቱ የደቡብ ወሎ ሰው ናቸው። አክስቱ መካነ ሰላም ይኖራሉ። እኔ ደግሞ ታሪክ አስተምራለሁ። 2010 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ 150 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ነበር። «እርሳቸው በሄዱበት መንገድ እንሂድ» አልኩት። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ልጆቻችንን ለእናቴ ትተን ወጣን።

ቃሉን ይዘው መጥተው

ከባሕር ዳር በወረታ አድርገን ደብረ ታቦር ገባን። የመጀመሪያዋን ሌሊት በምናውቃቸው ምእመናን ግቢ በሳጥናችን ውስጥ አደርን። ጠዋት ጋፋት ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። ከከተማው ብዙ አይርቅም። ዛሬ ለዓይን የሚሞላ ነገር የለውም፤ ታሪኩ ግን ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች በተለይ የሚነካ ነው።

በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ክሪሾና የሚባል የወንጌል መልእክተኞች ማሠልጠኛ ነበረ። ወጣቶቹ መጽሐፍ ቅዱስንም የእጅ ሙያንም ይማሩ ነበር። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ ቀደም ሲል እርሳቸውም በኢትዮጵያ ያገለገሉ፣ እነዚህን ወጣቶች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር ለመላክ አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1855 ዮሐን ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ መንገድ ለመክፈት መጡ። ከእነርሱ በኋላ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን፣ ቆይተውም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። ሐሳባቸው በሙያቸው እየኖሩ በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝቡ ማድረስ ነበር። ያ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ትልቅ ታሪክ አለው፤ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጠው ዐሥር ዓመት ያህል የደከሙበት ትርጉም ነው። ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸውን አንድ ለማድረግና በሙያ ለማሳደግ የሚያልሙ ንጉሥ ነበሩ። የእጅ ባለሙያ ሲያዩ ደስ አላቸው። መንገድ አሠሯቸው፤ ወጣቶችን እንዲያስተምሩ አደረጉ። ቀጥሎ ግን መድፍ ጠየቁ። ሰዎቹ መድፍ የመሥራት ዕውቀት አልነበራቸውም። የንጉሥ ትእዛዝ ነውና ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ታላቅ መድፍ በጋፋት አፈሰሱ። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው የወደብ ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ።

እኔና ባለቤቴ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ይህን አሰብን። ቃሉን ይዘው የመጡ እጆች መድፍ አፈሰሱ። እኛ ከ150 ዓመት በኋላ ተቀምጠን ልንፈርድባቸው ቀላል ነው። እነርሱ በንጉሥ እጅ ነበሩ፤ ሚስትና ልጅ ነበራቸው። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ጭነቱ በአንድ ቀን አልተለወጠም። መንገድ፣ ከዚያ ሰረገላ፣ ከዚያ ትንሽ መድፍ፣ ከዚያ ትልቁ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆይቶ «መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

በንጉሡ መንገድ

በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ መድፎቻቸውንና አውሮፓውያኑን ከነቤተሰባቸው ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖል መንኮራኩር ባለው ሰረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ይጎተት ነበር። እስከዚያ ድረስ በዚያ ደጋ ጭነት የሚሄደው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነው። መንኮራኩር የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ዋልድማየርና ጓደኞቹ ይመሩ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በዚያ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው።

እኛ ከፊል መንገዱን በአስፋልት ሄድን። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በደመና ተሸፍኗል። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ስሟን የሰጣት ንፋስ ሳጥናችንን ወዘወዛት። እዚያ ነው የተሳቢው ግራ ጎማ መጮህ የጀመረው።

ወርደን ቸርኬውን ስንነካ ያቃጥላል። የጀልባ ተሳቢ ሌላው ጠባይ ይህ ነው። ጀልባ ለማውረድ ጎማው ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ውኃ ወደ ኩሽኔታው ይሰርጋል፣ ግራሶው ይበላሻል፣ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። ባለቤቴ ኩሽኔታውን ቀይሯል፤ ግራሶ የሚይዘውን የጎማ ማኅተም ግን «ይበቃዋል» ብሎ አሮጌውን መልሶታል። እኔ ደግሞ «ቀይረው» ብዬ ነበር። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሚስት ሆና እንዲህ ባለው ቀን «ብዬህ ነበር» የማትል ማን ናት? አልኩት። ደግሜም አልኩት። እርሱም መለሰልኝ። በነፋሱ መካከል፣ ሰው እያየን፣ ያ ፍኖተ ሰላም ያደረሰኝ ድምፅ ከሁለታችንም ወጣ።

ያዳነን ሥራው ነው። ጨለማ ሳይመጣ መፈታት ነበረበት። እርሱ በክሪክ አነሣ፤ እኔ ባትሪ ያዝኩ፤ ቡሎኖቹን በቅደም ተከተል በነጠላዬ ላይ ደረደርኩ። የከተማው አንድ ጋራዥ ያሉ ጋሼ የሚሆን ማኅተም ፈልገው አገኙልን፤ ከሁለት ቡና በቀር ገንዘብ አልወሰዱም። ሲመሽ ባለቤቴ «ልክ ነበርሽ» አለኝ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልነግራችሁም። እኔም «ሁለተኛውን ጊዜ መድገም አልነበረብኝም» አልኩት። ከዚያ በኋላ በየማረፊያው ሁለታችንም ወርደን፣ እርሱ በቀኝ እኔ በግራ፣ ቸርኬውን በእጃችን እየዳሰስን ሄድን። ለቤትም ይሆናል ያልነው ልማድ ነው፤ ሳይጮህ በፊት መዳሰስ።

ጨጨሆን አለፍን። ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፈን በኮን አድርገን ወደ ጂዳ ሸለቆ አፋፍ ደረስን። ከላይ ሲያዩት ጉልበት ይይዛል፤ ምድር ተሰንጥቃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለች። የእኛ ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም። ዳገት ላይ ይጎተታል፣ ቁልቁለት ላይ ግን መኪናውን ከኋላ ይገፋል። ባለቤቴ በአንደኛ ማርሽ፣ በጸሎት፣ ቀስ ብሎ አወረደ። የሴባስቶፖል ክብደት የእኛን ተሳቢ ዐሥራ አንድ እጥፍ ያህል ነው። ያንን ብረት ወደ ላይ መሳብ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ሲሮጥ ይዞ ማቆየት የነበረባቸውን ሰዎች አሰብኩ። ከወራት በኋላ በዚያው የመጣው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የንጉሡን መንገድ አይተው ተደንቀዋል፤ ራሳቸውም ተጠቅመውበታል።

ማርቲንና ፓውሊነ

ማታ በደላንታ ሜዳ፣ ወገል ጤና አደርን። ብርዱ አጥንት ይገባል። በሳጥናችን ውስጥ ሁለት ጋቢ ደርበን፣ በትንሽ ባትሪ ብርሃን ስለ ፍላድ ቤተሰብ ለባለቤቴ ነገርኩት።

ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ አላገኙም። በዚህ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎችን አሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሡ ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቻቸው ግን እንደ መያዣ ቀሩ። ፓውሊነ ከጋብቻዋ በፊት በኢየሩሳሌም የምታገለግል ዲያቆናዊት ነበረች። ፍላድ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ንግሥቲቱን አገኘ። ጉዳዩ ግን አልቀናም፤ ከአውሮፓ ሆኖ ሲያስብ የሚመለስበት አገር እስር ቤት እየሆነ ነበር። በ1867 ተመለሰ። ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት፣ ወደማይታወቀው ነገር፣ በእግሩ ተመለሰ።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ከወርክሾፕ እስከ ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው» አለ። በጨለማው እጁን ፈልጌ ያዝኩ። እርሱ ጸለየ፤ ጮክ ብሎ። አብረን ጮክ ብለን ከጸለይን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር።

በአምባው ላይ

የቀረውን መንገድ በመኪና ዞረን ተንታ ደረስን፤ ተሳቢውን እዚያ አቁመን በማለዳ በእግር ወጣን። መንገድ የመሩን አንድ የአካባቢው አባት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አግድመው። እኔ ማለክለክ ስጀምር «አብሽሪ ልጄ፣ አምባው አይሸሽም» ይሉኝ ነበር።

አሮጌን በሩቅ አሳዩን። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦርና የንጉሡ ጦር የተጋጠሙበት ስፍራ ነው። ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በአንድ ከሰዓት ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ ንጉሡ በቁጣ ብዙ እስረኞችን በእስላምጌ ገደል አስወርውረው ነበር። ከጦርነቱ በማግስቱ ግን አውሮፓውያኑን እስረኞች መልቀቅ ጀመሩ፤ ባለሙያዎቹም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወጡ። በእነዚያው ቀናት ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ የሆነው የሞሪትዝ ሆልና የሚስቱ የወለተ ኢየሱስ ልጅ መቅደላ ላይ ተወለደች፤ ስሟም ማግዳሌና ተባለ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ጦሩ አምባውን ሲሰብር ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ጦሩ የአምባውን ቅርስ ዘርፎ፣ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ቅርሱንም እኛ ባደርንበት በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጠው። ከዚያ የተወሰዱ ብዙ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው።

ሴባስቶፖል ግን ለማንም አልቀለለም። እዚያው አምባው ላይ ቀርቷል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው፤ ዋናው እዚህ ነው። መንኮራኩሩ የለም፤ ሰረገላው የለም። አፈር ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ ሲነፍስ አፉ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ያን ሁሉ ገደል ተሻግሮ መጥቶ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም።

ባለቤቴ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ሙያተኛ ነውና ያየው እኔ ያላየሁትን ነው፤ አፈሳሱን፣ ጠርዙን፣ ውፍረቱን። «ይህን የሠራ እጅ የተባረከ እጅ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ማታ ሚስቱ ዘንድ ሲገባ ምን ይላት ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር፤ ስለ ዋልድማየር ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

እዚያው የቀረውን ታሪክ ነገርኩት። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ በሕይወት ወጣ። ከሚስቱ ከሱዛን፣ ከጆን ቤልና ከኢትዮጵያዊት እናት ከተወለደችው፣ ጋር ወደ ሊባኖስ ተራራ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በሚባል መንደር ትምህርት ቤት መሠረተ። ካረጀ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ሲታሰሩ አይቶ አላስቻለውም፤ አስፉሪየ የተባለውን ሆስፒታል አቋቋመ። ክራፕፍም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አርሞ በዚያው በክሪሾና እንዲታተም አደረገ። ጌታ መድፍ ያፈሰሰውን እጅ አልጣለውም። ጭነቱን አወረደለት፤ ሌላ ጫነበት። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ወደ ማረሻ ስለሚቀጠቀጥበት ቀን ተናግሯል። ልብ በሉ፤ ብረቱ አይጣልም። ያው ብረት ነው።

መካነ ሰላም

በደሴ አድርገን፣ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሰን፣ በአቀስታ በኩል ቦረና ገባን። ያ ደጋ ውብ ነው፤ ገብስ፣ ሰማይ፣ በግ፣ ካባ የለበሰ እረኛ። በስተ ጎን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ አለ። መካነ ሰላም ስንደርስ አክስታችን ተሳቢዋን ዞረው ዞረው አዩና «እናንት ልጆች፣ ቤታችሁን ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ። ባለቤቴ «አዎ እታባ፣ ይዘን መጣን» አለ፤ ሲመልስ ግን ያየው እኔን ነው።

ከተማዋ ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ባለቤቴ እዚያ ሆኖ ወርክሾፑ ቅዳሜ ቀትር ላይ እንዲዘጋ፣ እሑድ ጨርሶ እንዳይከፈት ለሠራተኞቹ ደወለ። ሁለት ትልልቅ ሥራ አመለጠው። አልዋሻችሁም፣ ከዚያ ወዲህም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ቀድሞው ተንሸራትቷል፤ እኔም ወደ ቀድሞ ዝምታዬ። ነገር ግን አሁን ቸርኬው ሲሞቅ እንነጋገራለን።

ከዚያ በኋላ

ያ መንገድ ለሽርሽር የማይሆንባቸው ዓመታት ተከተሉ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ያለፍንባቸው ከተሞች ስም በዜና እየሰማን አለቀስን። ከአክስታችን ጋር ስልክ ተቋርጦ ስንጨነቅ ሰነበትን፤ ጌታ ይመስገን በሕይወት ቆዩን። ወደ ባሕር ዳርም ተፈናቃዮች መጡ። አንድ ማለዳ ባለቤቴ ሳጥኗን ከተሳቢው ላይ ሲፈታ አገኘሁት። የእኛን ሳጥን! ልቤ ደነገጠ። እርሱ ግን ዞር ብሎ «ካልሽኝ እመልሳታለሁ» አለ። ቀድሞ ቢሆን ሳይጠይቀኝ ያደርገው ነበር።

«ፍታት» አልኩት። ቡሎኖቹን ነጠላዬ ላይ ደረደርኩ። በሳጥኗ ፋንታ የውኃ ሮቶ ተጫነ፤ ሮቶው ሲሞላ ከሳጥኗ ይከብዳልና ክብደቱ በትክክል አክስሉ ላይ እንዲያርፍ እንደገና መዘንን። ለወራት ያ የጀልባ ተሳቢ ውኃ አመላለሰ። ሳጥኗ በግቢያችን ጥግ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለአንዲት አራስ እናት መኝታ ሆነች።

ዛሬ ሳጥኗ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ሩቅ አንሄድም፤ አንዳንድ ቅዳሜ ጣና ዳር እንወስዳታለን፤ ጀልባው ወደነበረበት። ሻሲው ያው ነው። ጀልባ ተሸክሟል፣ ቤት ተሸክሟል፣ ውኃ ተሸክሟል።

ውድ አንባቢያን፣ ጌታ ለእያንዳንዳችን የሰጠን ሻሲ አለ፤ ሙያ፣ ጉልበት፣ ትዳር። ጥያቄው ጠንካራ ነው ወይ ብቻ አይደለም። ሴባስቶፖልን ያመጣው ሰረገላም ጠንካራ ነበር። ጥያቄው ምን ጭነንበታል፣ ማን ጫነው፣ የት ላይ አርፏል የሚለው ነው።

ባልና ሚስት አብረው እንዲነጋገሩበት፦
1. በዚህ ዓመት በትዳራችን ላይ ሳናስተውለው የተጫነ ነገር ምንድን ነው? ከየት ጀመረ?
2. መውረድ ያለበት ጭነት አለ? ወይስ ቦታው ብቻ መለወጥ ያለበት?
3. ሳይጮህ በፊት «የምንዳስስበት» ቀን በሳምንት ውስጥ መቼ ይሁን?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።